የወላጆቼን ጭቃ ቤት ለክረምት ሳዘጋጅ ከየት ልጀምር?

የጉለሌ ልጅ፦

ለሁላችሁም ሰላምታዬን እያስቀደምኩ ምክራችሁን እጠይቃለሁ። ወላጆቼ የሚኖሩት በአዲስ አበባ፣ በእንጦጦ ግርጌ፣ በተዳፋት ቦታ ላይ በተሠራ ባለ ሦስት ክፍል የእንጨትና የጭቃ ቤት ውስጥ ነው። ባለፈው ክረምት የቆየው የቆርቆሮ ጣሪያ በሁለት ቦታ አፈሰሰ፤ በጓሮ በኩል ያለው ግድግዳ ደግሞ ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ርሶ ልስኑ እየተላጠ ወደቀ። እናቴ አስም ስላለባት ሻጋታውና እርጥበቱ ክረምቱን በሙሉ አስጨንቋት ነበር። አሁን ግንቦት ነው፤ ፀሐዩም ስለ በረታ ዝናቡ ሳይከብድ አንድ ነገር ማድረግ እፈልጋለሁ።

ያነጋገርኳቸው ሁለት ባለሙያዎች አልተስማሙም። አንደኛው ጣሪያው በሙሉ ይቀየር ሲል፣ ሁለተኛው የጓሮው ግድግዳ በሲሚንቶ ይለሰን ይላል። ለሁለቱም የሚበቃ ገንዘብ የለኝም። ቅድሚያ መስጠት ያለብኝ ለየትኛው ነው? በተጨማሪም በሐምሌና በነሐሴ ብርዱ ሲጠና እናቴ የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ክፍሏ ታስገባለችና ስለዚህም የምታውቁትን ብትነግሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

አናጢው፦

እህቴ፣ ለወላጆችዎ ቤት እንዲህ ማሰብዎ የሚያስመሰግን ነው። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ገንዘቡን ከሁለቱም በፊት ውኃው ከግቢው በሚወጣበት መንገድ ላይ አውለው ነበር። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚዘንብ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውኃ ነው፤ ስለዚህ ጣሪያዎ 50 ካሬ ሜትር ቢሆንና በአንድ ከሰዓት በኋላ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1,000 ሊትር ውኃ ከጣሪያው ላይ ይወርዳል ማለት ነው። አሸንዳ ከሌለው ከዚህ ውስጥ ወደ ጓሮ የሚፈሰው በሙሉ ከግድግዳው ሥር ያርፋል፤ መሬት ላይ ሲወድቅ የሚረጨው ጭቃ ደግሞ ግድግዳውን ከታች ያርሰዋል። ቦታው ተዳፋት ስለ ሆነ ከላይ የሚመጣው ጎርፍም ይጨመርበታል። እስከ ጉልበት ድረስ ብቻ የራሰ ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ እርጥበቱን የሚያገኘው ከመሬት እንጂ ከጣሪያ አይደለም፤ ጣሪያው ቢቀየርም የጓሮው ግድግዳ ከመራስ አይድንም።

ስለዚህ በመጀመሪያ ከቤቱ በስተላይ በኩል፣ ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ርቆ፣ ውኃውን ወደ ጎን መርቶ ወደ መንገድ ዳር የጎርፍ መውረጃ የሚያደርስ ቦይ ያስቆፍሩ። ከግድግዳው ሥር ያለውን መሬትም አፈር ሞልተውና ጠቅጥቀው ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ያድርጉት። ይህ ሥራ በአብዛኛው ጉልበት እንጂ ዕቃ አይጠይቅም። ቀጥሎ በጓሮው በኩል አሸንዳ ያሰቅሉ፤ የመውረጃው ቱቦ ጫፍ ግድግዳው ሥር ሳይሆን ቦዩ ውስጥ መድረስ አለበት።

ጣሪያውን በሚመለከት፣ በሁለት ቦታ ስላፈሰሰ ብቻ ሙሉ ቆርቆሮ መቀየር ግድ አይመስለኝም። አንድ ሰው ቤት ውስጥ ሆኖ እየተመለከተ ሌላው ከጣሪያው የታችኛው ጠርዝ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ውኃ ያፍስስ። ውኃው በሞራሌው (ቆርቆሮው በተመታበት አግዳሚ እንጨት) ላይ ተንሸራቶ ሌላ ቦታ ስለሚንጠባጠብ ቀዳዳው ጠብታው ከታየበት ትክክል በላይ ላይሆን ይችላል። ያረጀ ቆርቆሮ በብዛት የሚያፈስሰው ሚስማሩ ስለሚላላ ወይም ጎማው ስለሚደርቅ ነው፤ የላላውን ነቅሎ በረዘመና ጎማ ባለው ሚስማር መተካት ይበቃል። ሚስማር የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው፤ ውኃ በሚወርድበት ረባዳ ላይ የተመታ ካለ ተነቅሎ ቀዳዳው መደፈን አለበት። ቆርቆሮ ከቆርቆሮ የሚደራረብበትንም ይመልከቱ፤ የላይኛው በታችኛው ላይ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር መደረብ ይኖርበታል፤ ጣሪያው ጠፍጣፋ ከሆነ ከዚህም በላይ። ዝገቱ ገና ላዩን ብቻ ከሆነ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ የዝገት መከላከያ ቀለም ሊቀባ ይችላል፤ ጣት ሲጫነው የሚበሳ ከሆነ ግን ያ ቆርቆሮ ብቻ ይቀየር። ሬንጅ መቀባት ለአንድ ክረምት ሊያሻግር ይችላል፤ በበጋ ፀሐይ ስለሚሰነጠቅ ግን በእሱ ብቻ አይተማመኑ። ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው ሚስማር በተመታበት መስመር ላይ ብቻ ይርገጥ፤ ከሥሩ እንጨት ያለው እዚያ ነውና።

እማማ የትናየት፦

ልጄ፣ አናጢው የተናገረው ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ ስለ ግድግዳው ልጨምርልሽ። በጭቃ ላይ ሲሚንቶ አታስለስኚ። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ ግን ግትር ስለ ሆነ አብሮት አይንቀሳቀስም። ከጊዜ በኋላ ይሰነጠቅና በስንጥቁ የገባው ውኃ መውጫ ያጣል፤ ከላይ ሲታይ ያማረ ይመስላል፣ ከውስጥ ግን ቋሚው እንጨት ይበሰብሳል። እኔ በሰፈራችን እንዲህ የተጎዱ ብዙ ቤቶች አይቻለሁና በጣም ያሳዝነኛል።

ይልቅስ የላላውን ልስን በሙሉ አራግፊው፤ የቋሚዎቹን ሥር በቢላ ወጋ ወጋ እያደረግሽ ምስጥ ወይም ብስባሽ መኖሩን መርምሪ። የበሰበሰ ካገኘሽ ሳይመረግ በፊት ይቀየር። ከዚያ ጥሩ አፈር ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ፣ በየቀኑ እየተረገጠና ውኃ እየተጨመረለት አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይቆይ፤ ጭዱ ሲላላና ጭቃው ሲያያዝ ምርጊቱ አይሰነጠቅም። በአንድ ጊዜ ወፍራም አድርጎ ከመምረግ ይልቅ አንዱ ሲደርቅ ሌላውን መደረብ ይሻላል። ይህን ሥራ ለሰኔ አታቆዪው፤ ዝናቡ ከገባ በኋላ የተመረገ ግድግዳ ሳይደርቅ ክረምቱ ያልፋል። አልጋውንና ቁም ሣጥኑን ደግሞ ከጓሮው ግድግዳ አንድ ስንዝር ያህል አርቂው፤ ነፋስ ካልገባበት ከኋላው ይሻግታል። እህልም በከረጢት ወለል ላይ አይቀመጥ፤ ጣውላ ይነጠፍለት።

ነርስ ከአዲስ አበባ፦

ስለ ከሰሉ ያነሱት ጥያቄ ከሁሉም ይበልጥ ስላሳሰበኝ በእሱ ላይ ብቻ ልጻፍ። ብዙዎቻችን ከሰሉ ውጭ ተቀጣጥሎ ጭሱ ካለቀና ከቀላ ወደ ቤት ቢገባ አይጎዳም ብለን እናምናለን። ነገር ግን የሚገድለው ጭሱ አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ነው። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም፣ የቀላ ከሰል ያለማቋረጥ ያወጣዋል፣ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋርም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይጣበቃል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ምልክቶቹ ናቸው፤ የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቅ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ እናትዎ በሚተኙበት ክፍል ከሰል በምንም ምክንያት አይደር። እንዲህ ያለ አደጋ ከደረሰ መጀመሪያ በርና መስኮቱን ከፍተው ሰውየውን ወደ ውጭ ያውጡ፤ በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ አገልግሎት የሚጠራው በ939 ነው።

ለሙቀት ወፍራም ጋቢ ወይም ቡልኮ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የሞቀ ውኃ ጠርሙስ፣ ከበሩ ሥር የሚገባውን ነፋስ የሚከለክል ጨርቅ ይጠቅማሉ። ከመስኮቱ በላይ ያለውን የአየር መግቢያ ግን አይድፈኑት፤ ለአስም ሕመምተኛ የታፈነ ቤት ከብርዱ ይብሳል። እርጥብ ልብስ በመኝታ ክፍላቸው አይሰጣ፤ ዕጣን የሚጨስ ከሆነም በሩ ተከፍቶ፣ እሳቸው ራቅ ብለው ይሁን።

የጉለሌ ልጅ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የከሰሉን ጉዳይ ዛሬ ማታ ለእናቴ አነብላታለሁ። ጓሮውን ስመለከት ግን ከላይ ያለው የጎረቤታችን የጣሪያ ውኃ በአጥሩ ሥር አልፎ ወደ እኛ እንደሚገባ ተረዳሁ። ጎረቤቶቻችን መልካም ሰዎች ስለ ሆኑ ቅሬታ መፍጠር አልፈልግም። ቦዩን ብንቆፍር ይበቃል?

አናጢው፦

ከመቆፈርዎ በፊት ያነጋግሯቸው፤ ቢቻል አባትዎና ጎረቤትዎ አብረው ቆመው ቦታውን ይዩት። ቦዩ በአጥሩ ላይኛው በኩል፣ በእነሱ ግቢ ውስጥ ቢቆፈር ለሁለቱም ቤት ይጠቅማል፤ ወጪውንም መካፈል ይቻላል። ቦታው ተዳፋት ስለ ሆነ የቦዩን ወለል በድንጋይ ያስነጥፉ፤ ባዶ አፈር ከሆነ ጎርፉ ራሱ ያሰፋውና አጥሩን ይንደዋል። ከመንገዱ መውረጃ ጋር ለማገናኘት መንገድ ወይም ድንጋይ ንጣፍ የሚነካ ከሆነ ወረዳውን አስቀድመው ይጠይቁ። የዝናብ ውኃ በምንም ዓይነት ወደ መጸዳጃ ጉድጓድ አይግባ፤ ጉድጓዱ ሞልቶ ይገነፍልና ለጤና አደጋ ይሆናል።

ገንዘቡ ካነሰ ዘንድሮ ቦዩን፣ ሚስማሩንና ምርጊቱን ይጨርሱ፤ አሸንዳውን ቢያንስ በጓሮው በኩል ያሰቅሉ። የሚቀየር ቆርቆሮ ካለና ዘንድሮ ካልደረሰ ለጊዜው ሸራ አልብሰው በጥቅምት ይመለሱበት። ሰፈራችሁ ባሕር ዛፍ የሚበዛበት ስለ ሆነ ቅጠሉ አሸንዳውን እንዳይደፍነው እስከ መስከረም ድረስ በየሁለት ሳምንቱ ያስጠርጉት።