60 ሰአት ወጣልኝ፣ የሁለቱ ሚኒባስ ጥያቄ

የደሴዋ፦
ሰላም ጀመዓ እንዴት ናችሁ። ታናሽ ወንድሜን ማትስ ላስጠና ቁጭ ብዬ እኔው ተያዝኩ። አንድ ሚኒባስ ጠዋት 2፡00 ላይ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሰአት 40 ኪ.ሜ ይነሳል፣ ሌላው ከ30 ደቂቃ በኋላ በዛው መንገድ በሰአት 60 ኪ.ሜ ይከተለዋል፣ ስንት ሰአት ላይ ይደርስበታል ነው የሚለው። የሁለተኛውን ጊዜ ተ ብዬ 60ተ = 40(ተ + 30) አልኩ፣ 20ተ = 1200፣ ተ = 60 መጣ። 60 ሰአት! ጠቅላላ መንገዱ እኮ 120 ኪ.ሜ ነው። የቱ ጋ ነው የሳትኩት?

ቦርከና፦
አብሽሪ እህቴ፣ አሰራርሽ ልክ ነው ያበላሸብሽ 30ዋ ናት። ፍጥነቱ በሰአት ተሰጥቶሽ አንቺ ደቂቃ ከተትሽበት፣ ስለዚህ የፊተኛው 30 ሰአት ቀድሞ እንደወጣ ሆነ። ግማሽ ሰአት 0.5 ነው፣ 0.30 እንዳትዪው ደግሞ። 60ተ = 40ተ + 20፣ 20ተ = 20፣ ተ = 1። ተ የሁለተኛው ጊዜ ስለሆነ ከ2፡30 ነው የምትቆጥሪው፣ 3፡30 ላይ ይደርስበታል። አረጋግጪው፣ የፊተኛው 1.5 × 40 = 60 ኪ.ሜ፣ የኋለኛውም 1 × 60 = 60። ሐይቅን አልፈው መርሳ ሳይደርሱ ማለት ነው።

አረብ ገንዳ፦
እኔ 9ኛ ክፍል አስተምራለሁ፣ ልጁን ቀጥታ ኢኩዌሽን ውስጥ አትክተቺው። ጠረጴዛው ላይ በጠመኔ መስመር አስምሪና ሁለት ቆርኪ አስቀምጪለት። የኋለኛው ሲነሳ የፊተኛው 20 ኪ.ሜ ርቋል፣ እሱን ቆርኪ ወደፊት ግፊው። ከዛ በየሰአቱ አንዱን 40 አንዱን 60 እያስኬደ መሀላቸው ያለው ክፍተት በስንት እንደሚጠብ ራሱ ይንገርሽ። 60 − 40 = 20 ካለ በቃ ገብቶታል፣ 20 ኪ.ሜ ክፍተት በሰአት 20 እየጠበበ በ1 ሰአት ያልቃል። መቀነሱ ከየት እንደመጣ በአይኑ ያየ ልጅ ቀመር መሸምደድ አያስፈልገውም፣ ብዙ ተማሪ የምናጣው እዚህ ጋ ነው።

የደሴዋ፦
ጀዛኩሙላህ ኸይር፣ መምህር በቆርኪው ወዲያው ገባው! አሁን ደግሞ ፈጣኑ ከወልዲያ ወደኛ ቢመጣስ እያለኝ ነው፣ ሁለቱም 2፡00 ላይ ቢነሱ።

አረብ ገንዳ፦
ጎበዝ ልጅ ነው። ቆርኪዎቹን ከሁለቱም ጫፍ ይግፋቸው፣ አሁን ክፍተቱን ሁለቱም እየበሉት ነው ስለዚህ ይደመራል። 120 ÷ 100 = 1.2 ሰአት። 1 ሰአት ከ20 እንዳይልሽ፣ 0.2 × 60 = 12 ደቂቃ ነው። 3፡12 ላይ ከደሴ 48 ኪ.ሜ ላይ ይገናኛሉ።