በጧፍ ብርሃን ለሚነሳ ፎቶ፦ ስታብላይዘር ያለው ሌንስ ወይስ በከፍተኛ አይኤስኦ የሚሠራ ካሜራ?

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን

እንደምን ሰነበታችሁ። የአጥቢያችንን የበዓላት ሥርዓት በፎቶ እየሰነድኩ ማስቀመጥ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። በቀን የማነሳው አያስቸግረኝም፤ የሚያስቸግረኝ ሌሊት የሚቆመው ማኅሌት ነው። ያለው ብርሃን ጧፍና ከጣሪያው የተንጠለጠለች አንዲት አምፖል ብቻ ሲሆን፣ በዚያ ላይ የከተማችን የሌሊት ብርድ ጣትን ስለሚያደነዝዝ ካሜራውን አጽንቶ መያዝ ራሱ ትግል ነው።

ካሜራዬ ሴንሰሩ (ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) አነስ ያለ፣ ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው ዓይነት ነው። ሌንሱም አብሮት የመጣው፣ ስታብላይዘር (የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያካክስ ሥርዓት) የሌለው 18-55 ሚሊ ሜትር ነው። ወደ 55 ስስበው አፐርቸሩ (ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ከ5.6 በላይ ስለማይከፈት፣ አይኤስኦውን (ካሜራው የገባውን ብርሃን የሚያጎላበትን መጠን) 1600 ላይ አድርጌው እንኳ የማገኘው የሻተር ፍጥነት (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/13 ሴኮንድ ነው። ፍላሽ መጠቀም አልፈልግም፤ ካህናቱ ቢፈቅዱልኝም እንኳ በጸሎት መካከል ብልጭታ መልቀቅ ለእኔ ነውር ነው።

ያጠራቀምኩት ገንዘብ ለአንድ ዕቃ ብቻ ይበቃል። ስታብላይዘር ያለው ሌንስ ልግዛ፣ ወይስ ስታብላይዘር ባይኖረውም በከፍተኛ አይኤስኦ ጥሩ የሚሠራ፣ ያገለገለ ፉል ፍሬም (ሴንሰሩ ትልቅ የሆነ) ካሜራ? በሁለቱም የሠራችሁ ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፦ ከመሐል ሜዳ

ወንድሜ፣ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት የተበላሹብዎትን ፎቶዎች እንደገና ከፍተው ይመርምሩ፤ ብዥታ ሁሉ አንድ አይደለምና። በፎቶው ውስጥ ያለው ነገር በሙሉ፣ ግድግዳውም ሰውም፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ተጎትቶ ከታየ ያጠፋው የእጅዎ መንቀጥቀጥ ነው። ግድግዳው ጥርት ብሎ ሰዎቹ ብቻ ብዥ ካሉ ግን እጅዎ ጥፋት የለበትም፤ ሰዎቹ ከሻተሩ ፈጥነው ተንቀሳቅሰዋል ማለት ነው። ስታብላይዘር የሚያክመው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። የእጅን መንቀጥቀጥ እየለካ በሌንሱ ውስጥ ያለን አንድ መስታወት ወይም ሴንሰሩን ራሱን በተቃራኒው ያንቀሳቅሳል እንጂ፣ ፊት ለፊትዎ የቆመውን ሰው ሊያቆምልዎ አይችልም።

ይህን የተማርኩት ጓሳ ላይ ጭላዳዎችን ሳነሳ ነው። በ300 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ በእርስዎ ዓይነት ካሜራ፣ በእጅ ለማንሳት የተለመደው ስሌት ወደ 1/500 ሴኮንድ ይጠይቃል። ስታብላይዘሩን አምኜ ጎሕ ሲቀድ በ1/60 አነሳሁ። ድንጋዩና የጓሳው ሣር አንድ በአንድ የሚቆጠር ሆኖ ወጣ፤ ሣር የሚነቅሉት ጣቶች ግን ጠፍተዋል፣ የወንዱም ጎፈር በነፋሱ እንደ ጉም ተበትኗል። በማግስቱ አይኤስኦውን ወደ 6400 ከፍ አድርጌ በ1/500 ሳነሳ፣ ምስሉ ሻካራ ቢሆንም እያንዳንዱ ጣት ታየ። እኔ ያስቀረሁት ሁለተኛውን ነው።

ከጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንደ ምክርዎ ያለፈውን በዓል ፎቶዎች አንድ በአንድ አየኋቸው። ቆሜ በባዶ እጄ ያነሳኋቸው ሁሉም ነገር ተጎትቶባቸዋል። ዓምዱን ተደግፌ ባነሳኋቸው ላይ ግን የመጋረጃው ጥልፍ ሳይቀር ይለያል፤ ሊቃውንቱ ጸጥ ብለው በቆሙበትም ፊታቸው ደህና ነው። ወረቡ ተጀምሮ ሽብሸባው ሲመጣ ግን መቋሚያው ሁለት ሆኖ፣ ጽናጽሉም ቅርጹ ጠፍቶ ነጭ ጭስ መስሎ ይታያል። ለካስ ሁለቱም በሽታ አለብኝ።

መልስ፦ ከደብረ ሲና

የመሐል ሜዳው ወንድማችን የተናገሩት እውነት ቢሆንም፣ ስታብላይዘር ተገቢ ክብሩን ያገኘ አልመሰለኝም። እኔ የማነሳው የብራና መጻሕፍትንና የግድግዳ ሥዕሎችን ነው፤ እነዚህ አይንቀሳቀሱም። ትራይፖድ መትከል በማይቻልበት ጠባብ ቦታ፣ ሦስት ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን እጥፍ ወይም ግማሽ ማድረግ ነው) የሚያግዝ ስታብላይዘር 1/80 ይፈልግ የነበረውን ወደ 1/10 ያወርድልኛል፤ አይኤስኦውም ከ3200 ወደ 400 ይወርዳል። የቀይ ቀለሙ ድርብርብና የብራናው ቆዳ ቀዳዳ የሚታየው ያኔ ነው። ነገር ግን ትራይፖድ ላይ ሲያስቀምጡት፣ በተለይ ሌንሱ የቆየ ከሆነ፣ ስታብላይዘሩን ያጥፉት፤ የሌለ መንቀጥቀጥ ሲፈልግ ራሱ ምስሉን ሊያንቀሳቅሰው ይችላል።

ስለ አይኤስኦም አንድ ነገር ልጨምር። አይኤስኦን ከፍ ማድረግ ብርሃን አይጨምርም፤ የተሰበሰበውን ጥቂት ብርሃን ማጉላት ነው። ኖይዝ የምንለው ሻካራነት በአብዛኛው የሚመጣው ከብርሃኑ ማነስ ነው፤ አራት እጥፍ ብርሃን ሲገባ ምስሉ ከኖይዙ አንጻር ሁለት እጥፍ ይጠራል። ስለዚህ አይኤስኦን ፈርተው አጨልመው አንስተው በኋላ በኮምፒውተር ከማብራት፣ መጀመሪያውኑ ከፍ አድርገው በራው ፋይል (ካሜራው ሳያቀናብረው በሚያስቀምጠው ጥሬ ምስል) ማንሳቱ በብዙ ካሜራዎች ላይ የተሻለ ይወጣል። ፉል ፍሬም የሚበልጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። 36 በ24 ሚሊ ሜትር የሆነው ሴንሰር ከእርስዎ ሴንሰር በገጽ ስፋት ከሁለት እጥፍ ትንሽ ይበልጣል፤ ይህም በተመሳሳይ አፐርቸር ከአንድ ስቶፕ ጥቂት የሚበልጥ ጥቅም ነው። አዲሱ ሴንሰር በሥራው የረቀቀ ከሆነ ይጨምር ይሆናል እንጂ፣ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ጨለማን ቀን አያደርግም። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው ኒኮን ዲ3 ካሜራ አይኤስኦው እስከ 25,600 መድረሱ ብዙዎቻችንን አስደንቆን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ቁጥር ግን ከምስሉ ጥራት ይልቅ ለማስታወቂያ የሚሮጥ ይመስለኛል።

መልስ፦ ከመሐል ሜዳ

የደብረ ሲናው ወዳጄ ስለ ብራናው ያሉትን እቀበላለሁ። ለማኅሌቱ ግን ከሁለቱም በፊት ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ዋጋውም ከሁለቱ ያነሰ ነው። አፐርቸሩ እስከ 1.8 የሚከፈት፣ ዙም የሌለው 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይፈልጉ። ከ5.6 ወደ 1.8 መክፈት ከሦስት ስቶፕ በላይ ነው፤ እዚያው አይኤስኦ 1600 ላይ የእርስዎ 1/13 ሴኮንድ ወደ 1/125 ይለወጣል። ይህ እውነተኛ ብርሃን ነው፤ እጅዎንም ሽብሸባውንም ባንድ ጊዜ ያግዛል። ለከበሮው እጅ ባይበቃ አይኤስኦውን 3200 አድርገው ወደ 1/250 ይውጡ።

ዋጋ የሚያስከፍልዎት ሌላ ነገር ነው። በ1.8 ላይ ከሦስት ሜትር ርቀት ሲያነሱ ጥርት የሚለው ጥልቀት ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ከፊት ያለው መዘምር ዓይን ላይ ፎከስ ካደረጉ ከኋላው የቆሙት ይደበዝዛሉ። ሁለቱን ረድፍ ትይዩ አድርገው ከማንሳት ይልቅ፣ ከጎን ቆመው አንዱን ረድፍ በእኩል ርቀት ይያዙት።

ከጠያቂው

በከተማችን እንዲህ ያለ ሌንስ ያለው አንድ የሠርግ ፎቶ አንሺ ለአንድ ሌሊት ሊያውሰኝ ተስማምቷል። በሚቀጥለው ማኅሌት ግማሹን በ1/125፣ ግማሹን በ1/250 አነሳለሁ፤ የጽናጽሉን ፎቶ ከሁለቱም እዚህ አስቀምጣለሁ።