ከጉልበት ሕመምተኛ እናቴ ጋር ፖርቶቬኔሬ እንዴት ልድረስ?

የጣልያንን የሊጉሪያ የባሕር ዳርቻ የምታውቁ ወገኖች፣ ጉልበቷን ከሚያማት እናቴ ጋር ጥንታዊ መንደሮችንና አብያተ ክርስቲያናትን ለማየት መጥቼ በጉዞዬ መካከል ስለ ተቸገርኩ እንድትረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ያረፍነው ላ ስፔዚያ ከተማ ነው። በጄኖቫ አቅጣጫ የሚሄደው የአካባቢ ባቡር ቺንኩዌ ቴሬ በሚባሉት አምስት የባሕር ዳር መንደሮች ሁሉ ስለሚቆም፣ በሞንቴሮሶ ፊቱ በነጭና በጥቁር ድንጋይ መስመር የተሸለመውን የመጥምቁ ዮሐንስን፣ በቬርናዛም ከወደቡ አጠገብ የቆመውን የቅድስት ማርጋሬታን ቤተ ክርስቲያን ያለ ችግር አይተናል። ኮርኒሊያን ግን ትተናታል፤ ገደል ላይ የተቀመጠች በመሆኗ ከባቡር ጣቢያው እስከ መንደሩ በእግር የሚያወጣው መወጣጫ ከ370 በላይ ደረጃ አለው።

ዋናው ጭንቀቴ ፖርቶቬኔሬ ነው። መንደሩ የባቡር ጣቢያ የለውም፣ ባሕሩ በመታወኩም ጀልባው ከትናንት ጀምሮ ቆሟል። እናቴ ደግሞ ከሁሉ አስበልጣ ማየት የምትሻው በዚያ ማዕበል በሚመታው ቋጥኝ ጫፍ ላይ ያለውን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1198 የተቀደሰውን የቅዱስ ጴጥሮስን ቤተ ክርስቲያን ነው። የሐዋርያትን ጾም አንድም ዓመት አጉድላ የማታውቅ ሴት ስለሆነች፣ «ቀርቷል» ብዬ ልነግራት አልደፈርኩም።

ከላ ስፔዚያ አውቶቡስ እንዳለ አውቃለሁ። ነገር ግን ከመጨረሻው ፌርማታ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ያለው መንገድ ምን ያህል ዳገትና ደረጃ አለው? እንዲህ ባለ ነፋስ ቀን በዝግታ ለምትራመድ አረጋዊት አያሰጋም? ታክሲስ እስከ የት ድረስ እንዲገባ ይፈቀድለታል? የምንመለሰው ከነገ ወዲያ ጠዋት ስለሆነ፣ በቅርብ የሄደ ሰው እስከ ነገ ማለዳ ቢመልስልኝ እጅግ አመሰግናለሁ።