ስለ ሊ ቻንግ-ዶንግ በአንድ ሰዓት ምን ልናገር? የትኛውን ፊልሙንስ ላሳይ?

ጥያቄ (የሥነ ጽሑፍ መምህርት፣ ባሕር ዳር)
ጤና ይስጥልኝ። ልብ ወለድና ግጥም የምንጽፍ ሰዎች ወር በወር እንገናኛለን። በሚቀጥለው ወር ስለ ደቡብ ኮሪያዊው የፊልም ዳይሬክተር ስለ ሊ ቻንግ-ዶንግ የሥራ ሕይወት እንድናገርና አንድ ፊልሙን እንዳሳይ ተመድቤአለሁ። አዳራሹ የተፈቀደልን ለአራት ሰዓት ነው። ፊልሞቹን አይቻቸዋለሁ፤ የቸገረኝ አቀራረቡ ነው። ከየት ልጀምር? የባህል ሚኒስትር የነበረበትን ጊዜ እንዴት ላንሣው? ለጸሐፊዎች የሚስማማውስ የትኛው ፊልም ነው? ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ብትጽፉልኝ ይቀለኛል።

መልስ (የፊልም ኤዲተር፣ አዲስ አበባ)
እህቴ፣ ከሽልማቶቹ እንዳትጀምሪ። ታዳሚዎችሽ ጸሐፊዎች ናቸውና ከደራሲው ጀምሪላቸው። ሊ በ1954 በዴጉ ከተማ ተወለደ፤ ኮሪያ ቋንቋ ተምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ። የመጀመሪያ ልብ ወለዱ የታተመው በ1983 ነው። ወደ ፊልም የመጣው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ ለዳይሬክተር ፓርክ ክዋንግ-ሱ ድርሰት እየጻፈና በረዳትነት እየሠራ ሙያውን እዚያው ቀረጻው ላይ ተማረ። የራሱን የመጀመሪያ ፊልም፣ «አረንጓዴ ዓሣ»ን፣ ያወጣው በ1997 ከአርባ ዓመቱ በኋላ ነው። ከዚያ እስከ 2018 ድረስ ያሉት ረጃጅም ፊልሞቹ ስድስት ብቻ ናቸው። ይህን ቁጥር ሰሌዳ ላይ ጻፊው። የሚናገረው ነገር ሳይኖረው ካሜራ የማያነሣ ሰው ስለሆነ ነው ሥራው ያነሰው፤ እኔ በበኩሌ የማከብረው ከሁሉ በላይ በዚህ ነው።

መልስ (የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ ሶል)
ስለ ሚኒስትርነቱ ልመልስ። ፕሬዚዳንት ሮ ሙ-ህዩን ሥልጣን ሲይዙ በየካቲት 2003 የባህልና ቱሪዝም ሚኒስትር አድርገው ሾሙት፤ እስከ ሰኔ 2004 ሠራ። በዚያ ዘመን ትልቁ ክርክር ሲኒማ ቤቶች በዓመት 146 ቀን የአገር ውስጥ ፊልም እንዲያሳዩ የሚያስገድደው ደንብ ነበር። አሜሪካ እንዲቀነስ ትገፋ ነበር፤ የፊልም ሰዎች ደግሞ አደባባይ ወጥተው ይቃወሙ ነበር። ደንቡ በመጨረሻ በ2006 ወደ 73 ቀን ወረደ፤ ያኔ ግን ሊ ሥልጣን ላይ አልነበረም። ለዚህ ሁሉ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሹመቱ የሚያስፈልግሽ «ኦአሲስ» የተባለው ፊልሙ በ2002 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳይሬክተርነት ሽልማት ካገኘ በኋላ ቀጣዩ ፊልም እስከ 2007 ለምን እንደዘገየ ለማስረዳት ነው።

ጊዜ ልትሰጪበት የሚገባው «የናና ከረሜላ» ነው። ፊልሙ የሚጀምረው በ1999 የጸደይ ወራት፣ አንድ ሰው የባቡር ድልድይ ላይ ወጥቶ «ልመለስ!» ብሎ ሲጮህ ነው። ከዚያ ታሪኩ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ በ1994፣ በ1987፣ በ1984 እና በግንቦት 1980 አልፎ 1979 ላይ ይደርሳል። በየምዕራፉ መካከል ባቡሩ ወደ ኋላ ሲነዳ እናያለን። ኮሪያውያን ዓመቶቹን ሲያዩ ብቻ ነገሩ ይገባቸዋል። ግንቦት 1980 ወታደሮች በክዋንጁ ከተማ ሕዝብ የገደሉበት ወር ነው፤ 1987 ደግሞ ተማሪዎች በፖሊስ ምርመራ የሚሠቃዩበትና ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ቀጥታ ምርጫ ያስመለሰበት ዓመት ነው። ታዳሚዎችሽ ይህን አስቀድመው ካላወቁ የሚያዩት አንድ ክፉ ሰው ብቻ ይሆናል። ዳይሬክተሩ የሚጠይቀው ግን ይኸው ሰው በ1979 ዓይን አፋር ወጣት ሳለ ምን አድርገውት እንዲህ እንደሆነ ነው።

መልስ (ገጣሚ፣ ሐዋሳ)
ለጸሐፊዎች ከሆነ ያለ ጥርጥር «ግጥም»ን አሳዪ፤ የ2010 ሥራው ነው፣ በካን ፌስቲቫል የምርጥ ድርሰት ሽልማት አግኝቷል። ሚጃ የምትባል አሮጊት የመርሳት በሽታ እንደጀመራት በሚነገራት ሰሞን ግጥም ለመማር ትመዘገባለች። የልጅ ልጇ ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በአንዲት ተማሪ ላይ የፈጸመው ወንጀል ይወጣል። የወንዶቹ አባቶች ምግብ ቤት ተሰብስበው ራሷን ላጠፋችው ተማሪ እናት ስንት ገንዘብ ይሰጥ ብለው ሲመክሩ፣ ሚጃ ተነሥታ ወጥታ ደጅ ላይ አበባ እያየች ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። ይህን ትዕይንት ስመለከት መጀመሪያ ተናድጄባት ነበር፤ ፊልሙ እየገፋ ሲሄድ ግን ከዚያ ክፍል ውስጥ ሟቿን ልጅ በእውነት ያየቻት እርሷ ብቻ እንደሆነች ይገባል። ተዋናይቷ ዩን ጆንግ-ሂ በስድሳዎቹና በሰባዎቹ ዓመታት እጅግ ዝነኛ የነበረች፣ ከረጅም ዕረፍት በኋላ ለዚህ ፊልም የተመለሰች ናት።

መልስ (የፊልም ኤዲተር፣ አዲስ አበባ)
ገጣሚው ያሉትን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ወጣቶች ካሉ የ2018ቱ «ቃጠሎ» ይሻላል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ራሱ ልብ ወለድ ልጽፍ ብሎ አንድ መስመር ያልወጣለት ወጣት ነው። መነሻው የጃፓናዊው ሃሩኪ ሙራካሚ አጭር ልብ ወለድ ነው፤ ሊ ግን በታሪኩ የሚቃጠለውን የሣር ጎተራ ወደ አትክልት ማብቀያ ላስቲክ ቤት ለውጦ፣ ታሪኩን የሰሜን ኮሪያ ድምፅ ማጉያ ወደሚሰማበት ወደ ፓጁ ገጠር አምጥቶታል። የሌላ ሰው ታሪክ እንዴት የራስ እንደሚደረግ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

ጠያቂዋ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወደ «ግጥም» አደላሁ። ነገር ግን ከመካከላችን ትልልቅ እናቶች አሉ፤ ይከብዳቸው ይሆን? ፈቃድስ ያስፈልገኛል?

መልስ (ገጣሚ፣ ሐዋሳ)
ግፉ በምስል አይታይም። የመጀመሪያው ትዕይንት ግን በወንዝ ላይ የሚንሳፈፍ የተማሪ አስከሬን ነው፤ ታሪኩም ስለ አስገድዶ መድፈርና ራስን ስለ ማጥፋት ነው። ይህን ከመጀመርሽ በፊት በግልጽ ተናገሪ፤ መውጣት የሚፈልግ ሳያፍር ይውጣ። መጨረሻ ላይ የሚነበበውን ግጥም ግን አስቀድመሽ እንዳትገልጪባቸው።

መልስ (የፊልም ኤዲተር፣ አዲስ አበባ)
ስለዚህ ከ«ቃጠሎ» አንድ ትዕይንት ብቻ ውሰጂ፤ ልጅቷ በምናብ መንደሪን እየላጠች የምትበላበትን። ለመብላት የሚያስፈልገው መንደሪኑ አለ ብሎ ማሰብ ሳይሆን የለም የሚለውን መርሳት ነው ትላለች። «ግጥም» ውስጥ ደግሞ መምህሩ ፖም ይዞ ይህን በእውነት አይታችሁት ታውቃላችሁ ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱን ብታገናኚ ንግግርሽ በራሱ ይቆማል። «ግጥም» 139 ደቂቃ ነው፤ አንድ ሰዓት ተናግረሽ ለውይይት አርባ ደቂቃ ይተርፍሻል። ፈቃዱን በተመለከተ፣ መግቢያ ባታስከፍሉም በአደባባይ ለማሳየት የመብቱን ባለቤት መጠየቅ ያስፈልጋል። ለአከፋፋዩ የቦታውን ስም፣ ቀኑን፣ የታዳሚውን ብዛትና መግቢያው ነፃ መሆኑን ጠቅሰሽ ዛሬውኑ ጻፊ፤ መልስ ቶሎ አይመጣም። የግርጌ ትርጉሙ እንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ የታሪኩን ፍሬ ነገር በአንድ ገጽ አማርኛ አትመሽ ለእናቶቹ በር ላይ ስጪ።