የአባቴ ራሌይ መሪ መሃል ላይ ይይዛል፣ አዲሱ ኩሽኔታ ደግሞ አልገባ አለኝ

የጠባሴ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከደብረ ብርሃን ነኝ። አባቴ የተወልኝ ራሌይ ሳይክል አለኝ። ጥቁር፣ ባለ 28 ጎማ፣ ፍሬኑ በሽቦ ሳይሆን በብረት ዘንግ የሚሠራው ዓይነት። የኋላ ጎማው መሃል ማርሹ ላይ 67 እና 3 የሚል ቁጥር ተመትቶበታል። ስንት ዓመት ከቆመበት አውጥቼ መንዳት ጀመርኩ፣ መሪው ግን አስቸገረኝ። ቀጥ ብዬ ስሄድ መሃል ላይ ይይዛል፣ ትንሽ ላዞር ስል ይቆይና በአንዴ ይለቃል። ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ቋ ቋ ይላል። ብርዱ ግራሶውን አድርቆት ነው ብዬ ነበር፣ ቀትር ላይም ያው ነው። ሳጠብቀው ባሰበት፣ ሳላላው ቋቋታው ጨመረ።

ከመርካቶ ሙሉ የመሪ ኩሽኔታ ገዛሁ፣ የብይ መቀመጫ ስኒዎቹም ብዮቹም ዳዶውም ያሉበት። ሻጩ "የሁሉም ሳይክል ነው" አለኝ። የላይኛው ሁለት ዙር ገባና ቆመ። በፒንሳ ልግፋው ወይስ ይቅርብኝ?

ቶሎ ጠጋኝ፦
ዘይት አድርግና ግፋው፣ መንገዱን ያገኛል። እምቢ ካለ ቶርኖ ቤት ውሰደውና ጥርሱን አዲስ ያውጡልህ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ያረጀ ቁልፍ፦
ኧረ ተው፣ እንዳትነካው! ወንድማችን በቅን ልብ ነው የመከረህ፣ ግን ፎርክህን፣ የፊት ጎማውን የሚይዘውን ሹካ፣ ታጣለህ። የድሮ ራሌይ የፎርክ አንገት ውፍረቱ እንደ ሌላው 1 ኢንች ነው፣ ለዚህ ነው ዳዶው የሚገባ የሚመስለው። ጥርሱ ግን በአንድ ኢንች 26 ነው፣ ገበያ ላይ የምታገኘው ደግሞ 24። መጀመሪያ ይያያዛሉ፣ ከዚያ ይሳሳቱና ይላተማሉ። ቶርኖ ቤት 24 አውጣልኝ ብትል በ26ቱ ላይ ሌላ ጥርስ ይቆርጥበታል፣ የሚተርፍህ የተቦጫጨቀ ብረት ነው። የዕቃ መጫኛው ዳዶ ቢሆን ዝም እል ነበር። መሪ ላይ ግን አይቀለድም።

ደግሞ አዲስ ስኒ ላያስፈልግህ ይችላል። መሃል ላይ የሚይዝህ ምን መሰለህ፣ ሰው ብዙውን ጊዜ ቀጥ ብሎ ነው የሚነዳው፣ ብዮቹ አንድ ቦታ ተቀምጠው የመንገዱን ምት ሁሉ ይቀበላሉ፣ ግራሶው ከሥራቸው ይሸሻል፣ በመጨረሻ እያንዳንዷ ብይ የራሷን ጉድጓድ ትቆፍራለች። ሲጠብቅ የባሰበት ለዚህ ነው። የታችኛው ይብሳል። ቁጥሩን ካነሳኸው ደግሞ 67 የፈረንጅ ዓመት ነው፣ ማርሹ በእኛ በ1959 አካባቢ የተሠራ ነው ማለት ነው። እኔን ያክላል።

መጀመሪያ የፍሬኑን ዘንግ ከመሪው አላቅቅ። የመሪውን ቡሎን አራት አምስት ዙር ብቻ ፍታው፣ ጨርሰህ አታውጣው፣ እንጨት አስደግፈህ በመዶሻ ምታው። ውስጥ የተወጠረው ሽብልቅ ወደ ታች ይወርዳል፣ መሪውም ይላቀቃል። እምቢ ካለ ናፍጣ ጠብ አድርገህበት ይደር። ፎርኩን ስታወጣ ሥሩ ጨርቅ አንጥፍ፣ ብዮቹ ይበተናሉ። ቁጠራቸው፣ የላዩን ከታቹ አትቀላቅል። ብዙ ጊዜ 5/32 ኢንች ናቸው፣ 4 ሚሊ ገደማ፣ ግን አንዷን ይዘህ ሄደህ አስለካ። ሁሉንም አዲስ ግዛ፣ አሮጌና አዲስ አይቀላቀልም። ብዮቹ በቀለበት ታስረው ከሆነ ቀለበቱን ጥለህ ልቅ ብይ ሙላበት፣ የአንድ ብይ ቦታ ክፍት ትተህ። ቁጥራቸው ሲጨምር አሮጌው ጉድጓድ ላይ ሁሉም እኩል አይወድቁም። ፎርኩ ላይ የተቀመጠውንም ሌላ ቀለበት፣ የታችኞቹ ብዮች የሚሽከረከሩበትን፣ በእንጨት ዙሪያውን እየነካካህ አውጣና ትንሽ አዙረህ መልሰው። ግራሶ አትሰስት።

ማስተካከሉ ላይ ነው ሰው የሚያጠፋው። የላይኛውን ስኒ በጣትህ ብቻ እስኪነካ አዙረው፣ ከዚያ ትንሽ መልሰው፣ ሮንዴላውን አስገባና ዳዶውን እሰር። ዳዶው ሲጠብቅ ስኒውን ወደ ታች ስለሚገፋው ልክ ነው ያልከው ሁሉ ይጠብቅብሃል። ስለዚህ ገና ሳይታሰር ትንሽ ላላ ያለ ይሁን። በአንዴ አይሆንልህም፣ እኔ አሁንም ሦስት አራት ጊዜ እፈታለሁ። ለመፈተሽ ፍሬን አትያዝ፣ የዘንግ ፍሬን ራሱ ስለሚንቀጠቀጥ ያታልልሃል። የፊት ጎማውን ግድግዳ ላይ አስደግፈህ ፊትና ኋላ ግፋው፣ አንድ ጣትህ ስኒውና ፎርኩ መሃል ይሁን። እዚያ ጋ ከተነቃነቀ ላልቷል። ከዚያ ፊቱን ከመሬት አንሳና ዘንበል አድርገው፣ ጎማው በራሱ ወደ ሁለቱም ጎን ካልዞረ ጠብቋል።

ቆላ ነኝ፦
ከሸዋ ሮቢት። የፎርኩንም ቀለበት ለኩ እባካችሁ። የእኔ ፎርክ ቀለበቱ የሚቀመጥበት ቦታ 26.4 ሚሊ ነው፣ የገዛሁት ቀለበት 27 ሆኖ በእጄ ይገባል ይወጣል። ግማሽ ሚሊ ምን ያመጣል ብዬ በለስላሳ ጣሳ ቁራጭ ሞላሁት። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ስወርድ መሪው ወባ እንደያዘው ሰው ተንቀጠቀጠ። ጉልበቶቼን ፍሬሙ ላይ አጣብቄ እንደ ምንም አቆምኩት። ከዚያ ወዲህ ቁልቁለቱን በእግሬ ነው የምወርደው፣ ትክክለኛውን ቀለበት ፈልጌ አጣሁ።

የጠባሴ ልጅ፦
ጋሼ ያረጀ ቁልፍ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ናፍጣው ሁለት ሌሊት ፈጀ እንጂ እንዳሉኝ ነው የሆነው። የታችኛው ላይ ጉድጓዶቹ በጥፍር ይታወቃሉ፣ ብዮቹም ታስረው ነበር። ልቅ ብይ ሞላሁበት፣ ቀለበቱን አዞርኩት፣ መያዙ ጠፋ። በአራተኛው ሙከራ ነው የተስተካከለልኝ። ቋቋታው ግን ስላልቆመ ተናድጄ ልፈታው ስል የፍሬኑ ዘንግ አንድ ቡሎን ላልቶ አገኘሁት።

ቆላ ነኝ፣ ያልገባልኝን አዲሱን ዕቃ በካሊፐር ለካሁት፣ ቀለበቱ 26.4 ነው። በገዛሁበት ዋጋ ውሰደው፣ በሚኒባስ እልክልሃለሁ።