የ1832 ግማሽ ዶላር፦ ተፈትጎ ይሆን?

ሰላም ወገኖች። የጥንት የአሜሪካ የብር ሳንቲም የምትሰበስቡ ካላችሁ አንዴ ላስቸግራችሁ።

የ1794 እና የ1795 ዶላሮችን ትቻቸዋለሁ፤ ዋጋቸው አይቀመስም። ዓይኔ ያረፈው ከ1807 እስከ 1836 በተመታው፣ ቆብ ያደረገች ሴት ባለችበት ግማሽ ዶላር ላይ ነው። ሰብሳቢው ሁሉ የሚወደው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1804 የብር ዶላር መምታት ስለቆመ፣ ለብዙ ዓመታት ባንኮች በመጠባበቂያነት ያስቀምጡ የነበረው ይህንኑ ግማሽ ዶላር ነው። በከረጢት ታስሮ ከባንክ ወደ ባንክ ስለሚዞር ብዙው ሳያልቅ ቆየ። ለዚህ ነው እንደኔ ያለው ሰው እንኳ የሚደፍረው።

አሁን አንድ የ1832 አግኝቻለሁ። ክብደቱ 13.4 ግራም ነው፤ ሲመታ 13.48 ስለነበር በዚህ አልሰጋሁም። ጠርዙ ላይ ያለው ጽሑፍም ይነበባል። ግን ያብረቀርቃል፣ ያውም ከመጠን በላይ! በአጉሊ መነጽር ሳየው ቀጫጭን ጭረቶች አሉት፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ናቸው። ሻጩ «ከወረቀት ጋር ተፋትጎ ነው» ይላል። እኔ አልዋጥልህ አለኝ።

ሰው ሊያጸዳው ብሎ ፈትጎት ከሆነ ዋጋው ምን ያህል መውረድ አለበት? ወይስ ይህን ትቼ፣ ባለሙያ መርምሮ ደረጃ ያወጣለትና በፕላስቲክ የታሸገ ልግዛ? የዋጋ ልዩነቱ ኪስ ይጎዳል። ሻጩ የሚጠብቀኝ እስከ ቅዳሜ ብቻ ነው።