ከ1ኛ ወደ 2ኛ የሚጎተት የድሮ ታሆ፦ ማርሹ ጠንከር እንዲል ምን ልቀይር?

ባለ ታሆው (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦
ሰላም ወገን። 2001 ሼቭሮሌት ታሆ አለኝ። ሞተሩ 5.3፣ ካምቢዮው አውቶማቲክ 4ኤል60-ኢ ነው፤ 178 ሺህ ማይል ሄዷል። ችግሩ ከ1ኛ ወደ 2ኛ ሲገባ ነው። ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ይጎተታል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይይዛል። ሲሞቅ ይብስበታል። ጭነት ካለበትማ አይጣል ነው። 3ኛና 4ኛ ደህና ናቸው፣ ሪቨርስም ወዲያው ይገባል። አንድ ጋራዥ ብወስደው ስር እንኳ ሳይገቡ "ካምቢዮው ወርዶ ይታደስ፣ ከ2,500 ዶላር በላይ ነው" አሉኝ። መኪናው ራሱ ቢሸጥ ስንት ሊያወጣ ነው? ሺፍት ኪት የሚባል ነገር ማርሹን ጠንከር አድርጎ ያስገባል ሲሉ ሰማሁ። ልግዛው?

የዳላሱ፦
ግዛ እንጂ! እኔ 2003 ሲልቨራዶ ላይ አስገብቻለሁ። አሁን 2ኛ ሲገባ ወንበሩ ጀርባህን ገፋ ያደርግሃል። ባለቤቴ መጀመሪያ ቀን "ከኋላ ገጩን እንዴ?" አለች። እኔ ግን ወድጄዋለሁ።

ጋሽ ካቻቢቴ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
ቆይ ልጄ፣ አትቸኩል። የዳላሱ መኪና ኪቱ ሲገባለት ጤነኛ ነበር። ያንተ እየተንሸራተተ ነው። ሁለቱ ለየቅል ናቸው።

በዚህ ካምቢዮ 2ኛን የሚይዘው ባንድ ነው። ቀበቶ የመሰለ ብረት ከበሮውን ጥርቅም አድርጎ ይጨብጠዋል። ባንዱን የሚገፋው ደግሞ ሰርቮ የሚሉት ፒስተን ነው፣ በዘይት ግፊት ይሠራል። ጎን ለጎን አኩሙሌተር የሚባል ሌላ ፒስተን ከነሞላው አለ። የእሱ ሥራ ማርሹ እንዳይመታ ግፊቱን ማለስለስ ነው። ፋብሪካው ተሳፋሪ እንዳይንገጫገጭ ብሎ አለሰለሰው። መኪናው ሲያረጅ ግን ጎሚኒዎቹ ይደርቃሉ፣ የአኩሙሌተሩ ፒስተን ይሰነጠቃል፣ ግፊት ያመልጣል። ባንዱ ሳይጨብጥ ይንሸራተታል። ሲንሸራተት ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይበላል።

ስለዚህ ዛሬ ሦስት ነገር አድርግልኝ። ሞተሩ ሞቆ በፓርክ እየሠራ የካምቢዮውን ዘይት በዲፕስቲክ፣ በመለኪያ ዘንጉ፣ እይና አሽትት። ኮምፒውተሩ የመዘገበው የብልሽት ኮድ ካለ አስነብብ። ከዚያ የዘይቱን ኮፓ አውርደህ ውስጡ ያለውን የብረት ብናኝ የሚይዝ ማግኔት ተመልከት። ኮፓውን የያዙት ቡሎኖች 16 ናቸው። ስትመልሳቸው አታጥብቅ፣ 11 ኒውተን ሜትር ይበቃቸዋል።

እሙ ቫን (ዴንቨር)፦
ጋሼ ኮድ አስነብብ ያሉትን ደግሜ ልበልልህ። የእኔ 1999 ኤክስፕረስ ሲሞቅ 2ኛን እንደ ፈረስ እርግጫ ነበር የሚያስገባው። "ካምቢዮዬ ጠነከረልኝ" ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ሞኝ! ኮዱ ፒ1870 ሆኖ ተገኘ፣ የመንሸራተት ኮድ ነው። ዘይቱን ወደየማርሹ የሚያከፋፍለው ቫልቭ ቦዲ ውስጥ፣ የኮንቨርተሩ (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘው) ቫልቭ የሚሄድበት ቀዳዳ ተበልቶ ሰፍቷል። ኮምፒውተሩ መንሸራተቱን ሲያይ ግፊቱን እስከ ጣሪያ ያወጣዋል፤ እርግጫው ከዚያ ነው። መካኒኩ ቀዳዳውን አስፍቶ ወፈር ያለ ቫልቭ ከተተበትና ተገላገልኩ።

ባለ ታሆው፦
አየሁት። ዘይቱ ቡናማ ሆኗል ግን የተቃጠለ አይሸትም። ማግኔቱ ላይ ግራጫ ጭቃ የመሰለ ነገር አለ፣ በጣቴ ሳሸው ሟሟ። የብረት ስባሪ የለም። ኮድም የለም።

ጋሽ ካቻቢቴ፦
እሰይ። ጭቃው የዕድሜ ነው። ጥቁር ፍርፋሪ ወይ የብረት ቅንጥብጣቢ ቢሆን ኖሮ እኔም "ይውረድ" እልህ ነበር።

አሁን ኮርቬት ሰርቮ ፈልግ። ኮርቬት ለምትባለው የስፖርት መኪና የተሠራ ነው፣ ፒስተኑ ሰፊ ስለሆነ በዚያው ግፊት ባንዱን የበለጠ ይጨብጣል። ቦታው በተሳፋሪው በኩል ካምቢዮው ጎን ላይ ነው፤ ክብ ክዳን ታያለህ። አንዳንዱ መኪና ከፋብሪካ ትልቁን ይዞ ስለሚመጣ መጀመሪያ ያንተን አውጥተህ ከአዲሱ ጋር አስተያየው። የድሮውን ፒን እንዳትጥል፣ ርዝመቱ ለመኪናህ የተለካ ነው። አዲሱ ላይ እሱኑ መልሰው።

ክዳኑን ወደ ውስጥ ገፍተህ ቀለበቱን በካቻቢቴ ታወጣለህ፣ ከዚያ በፒንሳ ትስበዋለህ። ዘይት ይፈሳል፣ ካርቶን አንጥፍ። የጭስ ማውጫው ያስቸግርሃል። እያንዳንዷን ዕቃ ስታወጣ በስልክህ ፎቶ አንሳ። ጎሚኒዎቹን ቫዝሊን ቀባ አድርገህ አስገባ። መኪናውን ደግሞ በክሪክ ብቻ አንስተህ ስር እንዳትገባ! ማቆሚያ ብረት ይኑር።

ኮፓው ወርዶ ሳለ የ1-2 አኩሙሌተሩንም ቀይር። የፕላስቲኩን ትተህ የአሉሚኒየሙን ግዛ። ሺፍት ኪቱ ግን ቫልቭ ቦዲ አውርዶ ከሱ ጋር ያለውን ዘይት ማሳለፊያ ሳህን መብሳት ይፈልጋል፣ ትናንሽ ኳሶችም አሉት። አንዷ ከጠፋች አለቀልህ።

የአዲስ አበባው፦
እኔ የድሮ ቶዮታ ነው ያለኝ፣ ካምቢዮው በገመድ የሚታዘዝ። ለእኔ ምንም ዕቃ አላስፈለገኝም። ከነዳጅ ገመዱ ጎን ያለችው ሁለተኛዋ ገመድ ረግባ ነበር። ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ በጎሚኒውና በማቆሚያዋ መካከል ከ0 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ነው መቅረት ያለበት። የእኔ ጣት ያስገባ ነበር። ተስተካከለ፣ ማርሹም ደህና መግባት ጀመረ። ታሆው ላይ ይሄ አለ ወይ?

ጋሽ ካቻቢቴ፦
የለውም። ያ ገመድ የነበረው ከሱ በፊት የነበረው ካምቢዮ፣ 700አር4 የሚባለው፣ ነው። ከ1993 ጀምሮ ኮምፒውተር ተረከበ።

ባለ ታሆው፦
ሠራሁት! ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ሰርቮው ከነጎሚኒው ከ50 ዶላር አልበለጠም። የድሮው ትንሹ ነበር። የክዳኑ ጎሚኒ ስስበው እንደ ደረቀ ፓስታ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። የአኩሙሌተሩ ፒስተን ደግሞ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ዴክስሮን 6 የሚባለውን የካምቢዮ ዘይት አምስት ኳርት ገደማ ሞላሁ፣ ፊልተሩንም ቀየርኩ። አሁን 2ኛ ጠበቅ አድርጎ ይይዛል፣ ሞተሩ አይጮህም። ጠዋት ሲቀዘቅዝ ትንሽ ይዘገያል፣ ያው ዕድሜ ነው። የዳላሱ፣ አትቀየመኝ፣ ኪቱን ትቼዋለሁ። ጋሼ፣ በበጋ ተጎታች እስባለሁና የዘይት ማቀዝቀዣ ልጨምር?

ጋሽ ካቻቢቴ፦
ጨምር። ባለ ንብርብሩን ግዛ። ዘይቱ መጀመሪያ በራዲያተሩ አልፎ ከዚያ ወደሱ ይግባ፣ ከሱ ወደ ካምቢዮው ይመለስ። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ክዳኑ ዙሪያ ዘይት ያላበው እንደሆነ በእጅህ ዳስሰው።